ለአንድ ጥርስ አንድ ስም፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ክቡራን እንግዶቻችን፤

ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከዳንግላ ተነሥታችሁ፣ ተረኛ ታካሚዎቻችሁን ለባልደረቦቻችሁ አደራ ሰጥታችሁ እዚህ ደብረ ማርቆስ ለተገኛችሁ ሁሉ፣ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም እንኳን ደኅና መጣችሁ እላለሁ።

የዘንድሮው ጉባኤ ዋና ርእስ የጥርስ በሽታ ስያሜና ስያሜውን በመዝገብ የሚወክለው ኮድ ጉዳይ እንደሆነ በተነገረ ጊዜ «ስለ ወረቀት ልናወራ ነው እንዴ?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አልቀየምኩም፤ እኔም ራሴ ኮድ የካርድ ክፍል ሥራ እንጂ የሐኪም ሥራ አይደለም እል የነበርኩ ሰው ነኝ። ሐሳቤን ያስለወጡኝ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው።

ከዓመታት በፊት እኒህ አባት የሪፈር ወረቀት ይዘው መጡ፤ ወረቀቱ «16 ይነቀል» ይላል። ሁላችንም በምናውቀው፣ በዓለም የጥርስ ሕክምና ፌዴሬሽን (ኤፍዲአይ) የጥርስ አቆጣጠር የመጀመሪያው አኃዝ ጥርሱ የሚገኝበትን የአፍ ሩብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመሐል ወደ ኋላ ሲቆጠር ያለውን ተራ ስለሚያሳይ፣ 16 ማለት በላይኛው ቀኝ በኩል ስድስተኛው ጥርስ፣ ማለትም የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ነው። አፋቸውን አስከፍቼ ሳይ ያ መንጋጋ እንዳጋጣሚ ጥቁር ጉድጓድ ነበረበት። ማደንዘዣውን በመርፌ ስቤ ስጠጋ እጄን ያዝ አደረጉና «ኧረ ዶክተር፣ እንቅልፍ የነሣኝስ በዚህ በኩል ያለው ነው!» ብለው ጣታቸውን በግራ ጉንጫቸው ላይ አሳረፉ። ወረቀቱን የጻፈው ባለሙያ የተጠቀመው ቋሚ ጥርሶችን ከ1 እስከ 32 በተከታታይ የሚቆጥረውን፣ በአሜሪካ የተለመደውን ዘዴ ኖሯል፤ በዚያ ዘዴ 16 የላይኛው ግራ የመጨረሻው መንጋጋ ነው። እሱም በዘዴው ልክ ጽፏል፣ እኔም በዘዴዬ ልክ አንብቤያለሁ፤ ተሞልቶ ሊድን የሚችል ጥርስ ከመነቀል የዳነው ግን በታካሚው ጣት ነው። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ወይም ሕፃን ቢሆን ኖሮ ያ ጣት አይገኝም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1861 በቪየና ዚግሞንዲ የተባለው ሐኪም አፍን በመስቀል መስመር ለአራት ከፍሎ በየሩቡ ከ1 እስከ 8 መቁጠርን ካስተዋወቀ ወዲህ ብዙ ዘዴ ተፈራርቋል፤ የኤፍዲአይ ዘዴም አይኤስኦ 3950 ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። የቁጥሩ ችግር በቀላሉ ይፈታል፤ ከቁጥሩ ጎን «ላይኛው ቀኝ» ብሎ መጻፍ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። የምርመራው ውጤት ስያሜ ግን ከዚህ ይከብዳል።

ታካሚያችን «ጥርሴን ትል በላው» ይላል። ከእኛ አንዱ «መበስበስ»፣ ሌላው «መቦርቦር»፣ ሦስተኛው «ካሪስ» ብሎ ይጽፋል፤ አንዳንዱም «የጥርስ ሕመም» ብሎ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያወጣው የበሽታዎች ምደባ፣ በአይሲዲ 10፣ ጉድጓዱ ኬ 02 ሥር ይገባል፤ ሕመሙ ወደ ጥርሱ ውስጠኛ ሥጋ ዘልቆ፣ ወይም ስሩ ጫፍ ላይ መግል ቋጥሮ ከሆነ ግን ቦታው ኬ 04 ነው። አንደኛው በመሙላት ሊድን የሚችል ጥርስ ነው፤ ሁለተኛው የስር ሕክምና ወይም መነቀል የሚጠብቀው ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጽፈን ታካሚ በምንቆጥርበት ቅጽ፣ በታሊ ሺቱ ላይ አንድ ጭረት ስንጭር፣ በዓመቱ መጨረሻ የመሙያ ዕቃ ይሻለን ወይስ የስር ሕክምና መሣሪያ ብሎ ለሚጠይቀን አስተዳደር የምንመልሰው የለንም። ከሁሉ የምፈራው «ሌሎች» የሚለውን ረድፍ ነው፤ ሲቸኩሉ ሁሉም ነገር እዚያ ይወድቃል።

ከአካባቢያችን አንድ ምሳሌ ላንሣ። ሕፃኑ ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ተቧጦ የወተት ክራንቻው ገና ሳይበቅል ይወጣል። ከዓመታት በኋላ ልጁ ወደ እኛ ሲመጣ ከሥር የነበረው የቋሚው ክራንቻ ፅንስ ተጎድቶ፣ ጥርሱ ወይ ጠሟል ወይ ከናካቴው አልበቀለም። ካርዱ ላይ ምን እንጽፋለን? ኬ 00.0 ካልን ጥርሱ ሲፈጠርም አልነበረም ማለታችን ነው፤ የሰው እጅ ያደረሰውን ጉዳት ለተፈጥሮ ሰጠነው። ኬ 08.1 ደግሞ በአደጋ፣ በመነቀል ወይም በድድ በሽታ የጠፋ ጥርስ ነው፤ ሳይበቅል ለተጎዳ ጥርስ የተሰፋ ልብስ አይደለም። በእኔ እምነት ምክንያቱን ለይቶ የሚናገር አንድ የጋራ ሐረግ ተስማምተን ከኮዱ ጋር ካልጻፍን፣ ግግ ማስወጣት በሪፖርታችን ውስጥ የሌለ ችግር ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ የቅኔ አገር ሰዎች መሆናችንን ላስታውስ። ቅኔ ቤት አንድ ቃል ሰምም ወርቅም ሲይዝ መምህሩ ይደሰታሉ፤ የሕክምና ካርድ ላይ ግን ወርቁን የሚፈልግ ተማሪ የለም፣ የሚነቅል ሐኪም ነው ያለው።

አንዴ ተስማምቶ ዝርዝር ማውጣት ብዙ አያደክምም፤ ማኅበራት ይህን በአንድ ቀን ስብሰባ ጨርሰው ያጨበጭባሉ። የሚያደክመው ዝርዝሩን እየጠበቁ ማኖር ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ለተሠራ ሥራ የሚያገለግለውን ሲዲቲ የተባለ የኮድ ዝርዝር በየዓመቱ ያድሳል፤ ለምርመራ ውጤት ደግሞ ስኖዴንት የተባለውን ዝርዝር ይዟል። ስኖዴንት በተመሠረተበት ሰፊ የሕክምና ቃላት ስብስብ፣ በስኖሜድ ሲቲ አሠራር አንድ መለያ ቁጥር ከተሰጠ በኋላ አይሰረዝም፤ ጽንሰ ሐሳቡ ካልሠራ በጡረታ ይሰናበታል፣ ምን እንደተካውም ይመዘገባል፣ ቁጥሩም ለሌላ አይሰጥም። ለምን ቢባል፣ ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፈ ካርድ ዛሬም ያኔ የተባለውን እንዲናገር ነው። የድድ ሕመምን ተመልከቱ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው አዲሱ ምደባ «ሥር የሰደደ» እና «ፈጣን» የሚለውን ልዩነት አስቀርቶ በአራት ደረጃና በሦስት የፍጥነት መጠን ተክቶታል፤ አይሲዲ 10 ግን የቀድሞውን «ሥር የሰደደ» አሁንም በኬ 05.3 ይዞታል። አዲሱን የተማረ ወጣት ሐኪምና የቀድሞውን የተማርን እኛ በአንድ ክሊኒክ ስንሠራ፣ በመካከላችን የሚያስማማ ሠንጠረዥ ከሌለ ካርዶቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም።

የቀንም ጉዳይ አለ። የአይሲዲ 10 ተተኪ የሆነው አይሲዲ 11 በዓለም ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ማንም ሰው በዓመቱ አጋማሽ ኮድ ቢቀይር፣ ወደ ጤና ሪፖርት ማሰባሰቢያው ሥርዓት፣ ወደ ዲኤችአይኤስ 2 የሚገባው የመጀመሪያው ግማሽ በአሮጌው፣ ሁለተኛው በአዲሱ ተቆጥሮ፣ በሽታ ሳይጨምርም ሳይቀንስም ግራፉ ይወጣል ይወርዳል።

ስለዚህ ሥራ አመራሩ ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሦስት ሐኪሞችና ሁለት የጤና መረጃ ባለሙያዎች ያሉበት ቋሚ ኮሚቴ ይሰየም፤ አዲስ ስያሜ የሚፈልግ አባል ጥያቄውን ከነካርዱ ምሳሌ፣ የታካሚውን ስም ደብቆ፣ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ለውጥ ሁሉ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ብቻ ይጽና፤ የተሻረ ኮድም ለሌላ ነገር አይሰጥ። ኮሚቴው አበል የለውም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳንተዛዘብ ነው።

በየወንበራችሁ ላይ የአሥር ታካሚዎች አጭር ታሪክ የተጻፈበት ወረቀትና እርሳስ ተቀምጧል። ጎረቤታችሁን ሳታዩ፣ ለእያንዳንዱ በካርድ ላይ የምትጽፉትን ስያሜና ኮድ ሙሉ፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም። ከሻይ በፊት እንሰበስባለን፣ ከሻይ በኋላ ምን ያህል እንደተለያየን ቆጥረን ውይይቱን ከዚያ እንጀምራለን። ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን በአክብሮት አስታውቃለሁ።