ሳይፈስ የፈነዳ ዓይን

እንደምን አረፈዳችሁ፣ ከጎንደር ከተማና ከዙሪያዋ ጤና ጣቢያዎች የመጣችሁ የሙያ አጋሮቻችን።

የገና ሩር፣ ቡጢ ወይም እንጨት ሲፈለጥ የተፈናጠረ ፍላጭ ዓይን ላይ ሲያርፍ፣ ዓይኑ ከፊት ወደ ኋላ ይጨፈለቃል፤ በወገቡ በኩል ይለጠጣል። ጉዳቱ ምቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ የማይወሰነው ለዚህ ነው። የአይሪስ፣ ማለትም ብሌኑን የከበበው ባለቀለም ክፍል፣ ሥር ይላቀቃል፣ ሌንሱን የያዙት ክሮች ይበጠሳሉ፣ ሬቲና (ከዓይኑ ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ከጠርዙ ይቀደዳል። የዓይኑ ነጭም በሳሳበት፣ በኮርኒያው (ከፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን) ዙሪያና ጡንቻዎቹ በሚጣበቁበት ግድም፣ ሊፈነዳ ይችላል። ላዩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ካልተቀደደ ስንጥቁ አይታይም፤ የምንፈራውም ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የእያንዳንዱን ዓይን የማየት አቅም ለክታችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ባትሪ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው እያዛወራችሁ የብሌኖቹን ምላሽ አወዳድሩ። ነጩን ዙሪያውን የሸፈነ ያበጠ ደም፣ ወደ አንድ ጎን የተሳበ ብሌን፣ ከጤነኛው ዓይን ይልቅ የጠለቀ ወይም የጠበበ የፊት ክፍል (በኮርኒያውና በአይሪሱ መካከል ያለው ቦታ) ካያችሁ ፈንድቷል ብላችሁ ያዙት። ግፊት አትለኩ፣ የዓይኑን ቆብ አትጫኑ፣ ቅባት አትጨምሩ። በጠንካራ መከለያ ሸፍኑት፤ ከሌለ የፕላስቲክ ኩባያ ቂጥ ቆርጣችሁ ጠርዙን አጥንቱ ላይ አሳርፉ። ጥጥ አይሆንም፣ ይጫናል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ረጅም ነውና የማስታወክ መከላከያ ስጡ፤ ማስታወክ የዓይኑን ውስጠ ነገር ገፍቶ ያወጣል። ምግብና ውሃ ይቆይ፣ የቴታነስ ክትባት ግን አይዘግይ። ቤተሰብ ቅጠል ጨምቆ ወይም የጡት ወተት ጨምሮ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሳትቆጡ።

ቀዶ ሐኪሙ ሙሉ ሰመመን ካሰጠ በኋላ ሽፋኑን ዙሪያውን ገልጦ በየጡንቻዎቹ መካከልና ሥር ስንጥቁን ይፈልጋል። የኮርኒያውን ጠርዝ በ9-0፣ ነጩን በ8-0 ናይለን ክር ይሰፋል፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ክሩ ይቀጥናል። በጣም ወደ ኋላ የሄደ ስንጥቅ ሳይሰፋ ቢተው ይሻላል፤ እሱን ለመድረስ መጎተት ውስጡን ያፈሳል።

ካልፈነዳና በፊት ክፍሉ ደም ከተኛ፣ ከፍታውን በሚሊሜትር መዝግቡ። ራሱን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና አድርጎ ይተኛ፤ 1% አትሮፒንና የስቴሮይድ ጠብታ ይሰጠው። ለሕመም ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አይሁን። ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ደሙ ዳግም ሊፈስ ስለሚችል፣ «ተሻለኝ» ቢልም በየቀኑ ይታይ። የዓይን ግፊቱ 50 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሆኖ 5 ቀን፣ ወይም 35 ሆኖ 7 ቀን ከቆየ ደሙ ታጥቦ ይወጣል፤ አለዚያ የዓይኑ ነርቭ ይሞታል፣ ኮርኒያውም በደም ይበከላል።

ደሙ ኋላውን ከጋረደ በአልትራሳውንድ፣ ከጠራ በኋላ ደግሞ ብሌኑን አስፍቶ የሬቲናን ጠርዝ፣ በተለይ የታችኛውን ውጫዊ ሩብ፣ ማየት ያስፈልጋል። ሬቲናው ሳይላቀቅ የተገኘ ቅዳድ በሌዘር ይታሸጋል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሞላ የፊተኛው ክፍል ማዕዘን፣ ኮርኒያና አይሪስ የሚገናኙበት፣ በጎንዮስኮፒ (ማዕዘኑን በሚያሳይ ልዩ ሌንስ) ይመርመር፤ ማዕዘኑ ከተቀደደ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ የግፊት በሽታ) ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ግፊቱ በየዓመቱ፣ ዕድሜ ልክ ይለካ። በሽተኛው ይዞት በሚሄደው ካርድ ላይ የተመታውን ዓይንና የተመታበትን ቀን በጉልህ ጻፉለት።