በላፕቶፕ ላይ ለሚቋቋም የሙከራ ላብራቶሪ የቨርችዋላይዜሽን ሶፍትዌር አመራረጥ
(ለኔትወርክና ለሲስተም አስተዳደር ሠልጣኞች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ ውድ ሠልጣኞች፤

በመጪዎቹ ወራት ዶሜን ኮንትሮለር (የድርጅትን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች በአንድ ቦታ የሚቆጣጠር ሰርቨር) መትከልን፣ ሊኑክስ ሰርቨር ማስተዳደርን፣ የዲኤችሲፒ (ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድል) እና የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉም) አገልግሎት ማዋቀርን በእጃችሁ እየሠራችሁ ትማራላችሁ። ይህን ሁሉ የምትለማመዱበት የሰርቨር ክፍል የላችሁም፤ ያላችሁ አንድ ላፕቶፕ ነው፤ የአብዛኞቻችሁም ሜሞሪ ከ8 ጊጋባይት አይበልጥም። በዚህ ላፕቶፕ ላይ የትኛውን የቨርችዋላይዜሽን ሶፍትዌር (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ቨርችዋል ማሽን የሚባሉ ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚፈጥር) እንጫን የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ ጓደኛ የተጠቀመበትን መከተል ሆኖ ይቀራል። የእኔ አቋም ምርጫው ላፕቶፑ ላይ አሁን ከተጫነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም መነሣት አለበት የሚል ነው፤ ከተመረጠም በኋላ በአንድ ላፕቶፕ ላይ አንድ ሃይፐርቫይዘር (ቨርችዋል ማሽኖችን የሚያስነሣና የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ብቻ ይኑር።

ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮሰሰሩ ይታይ። ኢንቴልና ኤኤምዲ ለቨርችዋል ማሽን የሚሆነውን ድጋፍ በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ማስገባት የጀመሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 እና በ2006 ስለሆነ፣ በእጃችሁ ያለው ላፕቶፕ ይህ ድጋፍ እንደሚኖረው መገመት ይቻላል። ነገር ግን ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው መቆጣጠሪያ) ውስጥ ተዘግቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ገጽ ብትመለከቱ መከፈቱን ወይም መዘጋቱን ይነግራችኋል። ቨርችዋልቦክስ የተባለው የቨርችዋላይዜሽን ሶፍትዌር ከ6.1 ስሪት ወዲህ ያለዚህ ድጋፍ ቨርችዋል ማሽን አያስነሣም።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያስቸግረው ጉዳይ ልግባ። ሃይፐር-ቪ በዊንዶውስ ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤጁኬሽን ላይ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ሃይፐርቫይዘር ነው፤ በሆም ስሪት ላይ ግን በይፋ አይገኝም። ሲከፈት እንደ ተራ ፕሮግራም ከዊንዶውስ በላይ አይቀመጥም፤ ከሥር ገብቶ የፕሮሰሰሩን የቨርችዋላይዜሽን ድጋፍ ራሱ ይይዛል፤ የምታዩት ዊንዶውስም በእርሱ ላይ የሚሠራ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ቨርችዋልቦክስ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ ማግኘት ስለማይችል በሃይፐር-ቪ በኩል ለመሥራት ይገደዳል፤ በመስኮቱ ግርጌም አረንጓዴ የኤሊ ምልክት ይታያል፤ ቨርችዋል ማሽኑም እጅግ ይዘገያል። ተማሪው ሃይፐር-ቪን ከፍቶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ቢሆንም፣ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የተባለው የዊንዶውስ 11 ጥበቃ፣ ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ የሚያሠራው ዶከር ዴስክቶፕ ወይም በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያሠራው ሁለተኛው ደብሊው-ኤስ-ኤል ይህንኑ ሃይፐርቫይዘር ሳይነግሩት ከሥር አስነሥተውት ሊሆን ይችላል።

ይህን የማያውቅ ሰው ችግሩ የላፕቶፑ አቅም ማነስ ይመስለውና ሜሞሪ ለመግዛት ገንዘብ ያፈላልጋል። ያንን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሲስተም ኢንፎርሜሽን የተባለውን የዊንዶውስ መገልገያ ክፈቱ፤ ሃይፐርቫይዘር ተገኝቷል የሚል መስመር ካያችሁ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ነው። ምክንያቱ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ከሆነ እርሱን ዘግቶ ቨርችዋልቦክስን ማፍጠን ይቻላል፤ ሆኖም የሚዘጋው ላፕቶፑን ከአደገኛ ድራይቨሮች የሚከላከል ሥርዓት ስለሆነ፣ ባንክና ኢሜይል የምትጠቀሙበት ላፕቶፕ ከሆነ አልመክርም። ስለዚህ ዊንዶውስ ፕሮ ያለውና ዶከርን ወይም ደብሊው-ኤስ-ኤልን ጭምር የሚጠቀም ሠልጣኝ ሃይፐር-ቪን ይያዝ፤ ከሥር ካለው ጋር ከመታገል አብሮት መሥራት ይሻላል። የሆም ስሪት ያለው ደግሞ ከቨርችዋልቦክስና ከቪኤምዌር ወርክስቴሽን አንዱን ይምረጥ።

ስለ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን በግልጽ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ለዓመታት ዋጋው ለተማሪ የማይቀመስ በመሆኑ ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተደረገ) ቅጂ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቷል። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ የሶፍትዌሩን ባለቤት ቪኤምዌርን በ2023 ከገዛ በኋላ ወርክስቴሽን ፕሮን በግንቦት 2024 ለግል አገልግሎት፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ለንግድ ሥራም ጭምር በነጻ ፈቅዷል። ከእንግዲህ ክራክ የሚጫንበት ምንም ምክንያት የለም። የደኅንነት ትምህርት የሚማር ሰው ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፋይል የላብራቶሪው መሠረት ሲያደርግ ማየት ያሳዝነኛል። ሶፍትዌሩ ከቨርችዋልቦክስ በተሻለ ከሃይፐር-ቪ ጋር ተስማምቶ ይሠራል፤ ይህ ድጋፍ የተጨመረው በ2020 በወጣው 15.5.5 ስሪት ነው።

ቨርችዋልቦክስ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ ለጀማሪም ይቀላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር፦ ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው ተጨማሪ ጥቅል ፈቃዱ የተለየ ነው፤ ለግልና ለትምህርት ነጻ ሲሆን ለመሥሪያ ቤት ሥራ ግን ይከፈልበታል። ከ7.0 ስሪት ጀምሮ የዩኤስቢ 2 እና 3 ድጋፍ ወደ ዋናው ሶፍትዌር ስለተዛወረ፣ ጥቅሉ አብዛኞቻችሁን አያስፈልጋችሁም።

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ወደ ሊኑክስ ለማዞር የሚደፍር ካለ፣ በ8 ጊጋባይት ሜሞሪ ከሁሉ የተሻለ ውጤት የሚያገኘው እርሱ ነው እላለሁ። ኬቪኤም የተባለው ሃይፐርቫይዘር ከ2007 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አካል ነው፤ ቨርት-ማናጀር የተባለው መስኮት ሲጨመርበት ለአጠቃቀም አያስቸግርም። ሊኑክስ ለራሱ የሚፈልገው ሜሞሪ አነስተኛ በመሆኑ ቀሪው ለቨርችዋል ማሽኖቹ ይተርፋል። ኤም 1 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ያለው የአፕል ላፕቶፕ የያዛችሁ ግን ለኢንቴል የተዘጋጀውን ዊንዶውስ ሰርቨር በቨርችዋላይዜሽን ማሠራት ስለማትችሉ፣ ለዚያ ልምምድ ሌላ ላፕቶፕ ፈልጉ።

የሜሞሪው ስሌት ይህን ይመስላል። ዊንዶውስ ለራሱ እስከ 4 ጊጋባይት ይይዛል። ከቀሪው ላይ ሙሉ ገጽታ ላለው ዊንዶውስ ሰርቨር 2፣ ኡቡንቱ ለተባለው የሊኑክስ ሰርቨር 1 ጊጋባይት ስትመድቡ ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ይደርሳል። ዊንዶውስ 11 ብቻውን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ስለሚጠይቅ በደንበኛ ኮምፒውተርነት ልታክሉት አትችሉም። ገንዘብ ካላችሁ አስቀድማችሁ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን የመረጃ ማከማቻ) ግዙ፤ ሁለት ቨርችዋል ማሽኖች በአንድ ጊዜ ሲነሡ የድሮው ሃርድ ዲስክ የሚፈጥረውን መዘግየት የትኛውም ሶፍትዌር አያስቀርም። የዳታ ወጪውን ለመቀነስም የመጫኛ ፋይሉን አንዳችሁ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዳችሁ በፍላሽ ተካፈሉ፤ የዊንዶውስ ሰርቨር የሙከራ ቅጂ ለ180 ቀናት ያገለግላል።

በመጨረሻ ስለ ኔትወርኩ። ሃይፐር-ቪ፣ ቨርችዋልቦክስና ቪኤምዌር ሦስቱም ቨርችዋል ማሽኑን ከውጭው ኔትወርክ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ብሪጅድ የተባለ ዓይነት ትስስር አላቸው፤ ሃይፐር-ቪ ኤክስተርናል ይለዋል። የዲኤችሲፒ ልምምዳችሁን በዚህ ላይ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ብታደርጉ፣ የእናንተ ሰርቨር ለሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች የተሳሳተ አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ ሰዎች ሥራ ይፈታሉ፤ የኔትወርክ ባለሙያውም ምንጩን ሲፈልግ ይውላል። ልምምዱ ሁልጊዜ በዝግ ትስስር ላይ ይሁን፤ ይህም በቨርችዋልቦክስ ኢንተርናል፣ በቪኤምዌር ላን ሰግመንት፣ በሃይፐር-ቪ ደግሞ ፕራይቬት ይባላል። በቪኤምዌርና በቨርችዋልቦክስ ላፕቶፑንና ቨርችዋል ማሽኖቹን ብቻ የሚያገናኘውን ሆስት-ኦንሊ የተባለውን ብትመርጡ ሶፍትዌሩ ራሱ የዲኤችሲፒ አገልግሎት ሊሰጥበት ስለሚችል አስቀድማችሁ አጥፉት፤ አለበለዚያ ሁለት አድራሻ አዳዮች ይጋጩባችኋል።

ለነገው የተግባር ክፍል የዊንዶውሳችሁን ስሪት፣ የሜሞሪውን መጠንና ከሥር የሚሠራ ሃይፐርቫይዘር መኖር አለመኖሩን ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የየአንዳንዳችሁን ምርጫ በዚያ ላይ ተመሥርተን አብረን እንወስናለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።