ፍትሐት የቀረላቸው ሙታን፦ የአርመኖች ኤፕሪል 24

[ምስል፦ የኤችሚያዚን ካቴድራል፣ አመሻሽ ላይ]

ኤፕሪል 23 ቀን 2015። አርመን፣ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን መንበር የሆነችው ኤችሚያዚን። ሥርዓቱ ያበቃው ልክ 19:15 ላይ ነው። በእኛ ከምሽቱ 1:15 መሆኑ ነው፤ በእነሱ አጻጻፍ ግን ሰዓቱ ራሱ 1915ን ያስነብባል። ሆን ተብሎ ነው። ደወሉ 100 ጊዜ ተደወለ። የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ያን ምሽት በ1915 በኦቶማን ቱርክ የጀመረውን የአርመኖች ዘር ማጥፋት ሰለባዎች በአንድነት ቅዱሳን ሰማዕታት ብላ ሰየመች። የስም ዝርዝር አልተነበበም፤ ቁጥርም አልተቆረጠም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ለእነዚህ ሙታን ፍትሐት ይደረስ ነበር። ለቅዱስ ግን ፍትሐት አይደረስም። ስለዚህ "ነፍሳቸውን ማር" ማለት ቀረና "አማልዱን" ተባለ። በየዓመቱ ለአያቱ ምሕረት ሲለምን የኖረ ሰው አሁን አያቱን አማላጅ አድርጎ ይጠራል። ለእኔ ከሁሉም ነገር ይኼ ይገርመኛል።

[ምስል፦ የቆየች ኢስታንቡል፣ ጥቁርና ነጭ]

ቀኑ ለምን ኤፕሪል 24 ሆነ? በ1915 በዚያ ሌሊት (በእኛ ሚያዝያ 16 ቀን 1907 ዓ.ም.) የኦቶማን መንግሥት በቁስጥንጥንያ የአርመን ገጣሚዎችን፣ ጋዜጠኞችንና የሕዝብ እንደራሴዎችን ከየቤታቸው ለቀመ። ገጣሚው ዳንኤል ቫሩዣን ከተያዙት አንዱ ነበር፤ በዚያው ዓመት ተገደለ። የባላገሩን ዜማ እየዞረ የሰበሰበው ካህን ኮሚታስ በሕይወት ተመለሰ፤ አእምሮው ግን አልተመለሰም። በ1935 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ከልሂቃኑ በኋላ ተራው ለመንደሩ ሰው ደረሰው፤ እየተነዳ ወደ ሶሪያ በረሃ። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ነው። የቱርክ መንግሥት "ዘር ማጥፋት" የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ አይቀበልም።

የለቅሶው ጭንቅ እዚህ ላይ ነው። አስከሬን የለም። መቃብር የለም። የት ሄደህ ታለቅሳለህ? በረሃው ውስጥ ዴር ዞር ላይ አፅም ያረፈበት የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ እሱም በሶሪያው ጦርነት ጊዜ በ2014 ፈረሰ።

[ምስል፦ የየሬቫን ኮረብታ፣ ሰልፈኛው]

አርመን በሶቪየት ኅብረት ሥር በነበረችበት ዘመን በአደባባይ ማልቀስም አይፈቀድም ነበር። በ1965፣ በ50ኛው ዓመት፣ ባለሥልጣናቱ በዋና ከተማዋ የሬቫን ኦፔራ አዳራሽ ውስጥ በራቸውን ዘግተው ሙታኑን ሲዘክሩ ሕዝቡ ውጭ አደባባዩን ሞላው። መቶ ሺህ ያህል ሰው እንደወጣ ይነገራል። "መሬታችን! መሬታችን!" ይል ነበር። ሞስኮ ደነገጠች፤ ነገር ግን ለሰለባዎቹ የመታሰቢያ ሐውልት እንዲቆም ተፈቀደ። በ1967 ጺጼርናካበርድ ኮረብታ ላይ ተመረቀ።

44 ሜትር የሚረዝም ሹል ድንጋይ አለው። አጠገቡ 12 ግዙፍ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ክብ ሠርተው፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ወደ መሐል አጎንብሰዋል። መሐላቸው የማይጠፋ እሳት አለ፤ እሳቱ ጋ ለመድረስ በደረጃ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። በአንድ በኩል 100 ሜትር የሚረዝም ግድግዳ ቆሟል። የተቀረጹበት ስሞች የሰው አይደሉም፤ የከተማና የመንደር ናቸው። አገር ራሱ ሟች ሆኖ ተጽፏል።

በየዓመቱ በኤፕሪል 24 ዋዜማ ወጣቶች ችቦ ይዘው ወደዚህ ይወጣሉ። በማግስቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሰልፉ አይቋረጥም፤ ሽማግሌው፣ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ። ንግግር እምብዛም የለም። ሁሉም በእጁ አበባ ይዟል፤ እሳቱ ዳር አስቀምጦ ይወርዳል። ሲመሽ የአበባው ክምር እንደ አጥር ከፍ ይላል።

[ምስል፦ አዲስ አበባ፣ የአርባ ልጆች ፎቶግራፍ]

ይህ ሐዘን አዲስ አበባም ደርሷል። በ1924 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመን ገዳም 40 ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ፤ የማርሽ ባንድ ነበራቸው። ወደ አገራችን አስመጧቸው፤ "አርባ ልጆች" የምንላቸው እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። አያቶቻችን ቀጥ ብለው የቆሙለት ዜማ ከዚያ እልቂት የተረፈ ሰው እጅ ሥራ ነው።

[ምስል፦ አበባ የሚለቅሙ እጆች]

ወደ ኮረብታው እንመለስ። ቀኑ ካለፈ በኋላ በጎ ፈቃደኞች መጥተው ክምሩን ይፈታሉ። የአበባውን ቅጠል ከግንዱ ይለያሉ። ግንዱ ለማዳበሪያ ይሄዳል፤ ከቅጠሉ ወረቀት ይሠራል።