ትከሻውን አንብቡ፦ ወደ ግላዲያተር ትርኢት ቡድን ለመግባት የሚያስቡ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ

የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ የምንነጋገረው የጥንቷን ሮም የግላዲያተር (በሕዝብ ፊት በመሣሪያ ይፋለም የነበረ ሰው) ፍልሚያ በትርኢት ወደሚያሳዩ ቡድኖች ስለመግባት ነው። ለምሳሌ በሮም ከተማ፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ግሩፖ ስቶሪኮ ሮማኖ የተባለው ማኅበር የራሱ የግላዲያተር ትምህርት ቤት አለው። ወደዚህ ዓይነቱ ቡድን የሚሄድ ሰው ቶሎ ሰይፍ እንዲሰጠው ይጠብቃል፤ ከሰይፉ በፊት የሚማረው ግን የባልደረባውን አካል ማንበብ ነው።

ይህን ነገር ከእስክስታ የተሻለ የሚያስረዳልን የለም። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው እስክስታ ሲወርዱ እናስብ። አንዱ በዓይኑ ይጋብዛል፤ ሌላው ግብዣውን ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ትከሻ ለትከሻ ይመላለሳሉ። እጅግ ተቀራርበው፣ አንገት ለአንገት ተላልፈው እንኳ አይጋጩም፤ ምክንያቱም እያንዳንዳቸው የሚጠብቁት ከበሮውን ብቻ ሳይሆን የባልደረባቸውን ትከሻ ጭምር ነው። ቋንቋችንም ይህን ዝምድና ያውቀዋል፤ በአማርኛ ትከሻም ይሰበቃል፣ ጦርም ይሰበቃል። የመድረክ ፍልሚያም እንዲሁ ነው። በተለይ ሴኩቶር የተባለው ተፋላሚ የሚያደርገው የራስ ቁር ለዓይን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ስላሉት ዓይኑን ማየት ያስቸግራል፤ የሚነበበው ትከሻው ነው፤ ደግመን እንበለው፣ ትከሻው ነው። ሠርግ ላይ ከልብ የጨፈረ ሰው ይህን ትምህርት በእኛ እምነት ግማሹን ጨርሶታል።

የቀረው ቴክኒክ አጭር ነው። ርቀት ይጠበቃል፤ መቺው ምቱን በግልጽ ያዘጋጃል፤ ተመቺው ዝግጁነቱን ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ስለቱ የደነዘዘው ሰይፍ አስቀድሞ ወደተስማሙበት ቦታ ይሰነዘራል። ሁሉም በዝግታ ይለመዳል፤ ፍጥነት የሚጨመረው በመጨረሻ ነው። ሙርሚሎና ሬቲያሪየስ የተባሉትን ሌሎች የተፋላሚ ዓይነቶች፣ የሙርሚሎን ትልቅ ጋሻና የሬቲያሪየስን መረብ ልዩነት፣ ባለፈው ቪዲዮ ስላሳየን አንመለስበትም፤ ያላያችሁት ከቻናላችን ታገኙታላችሁ፤ ሰብስክራይብ ማድረጋችሁንም አትርሱ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ ወደላካችሁልን ጥያቄ እንሂድ፤ «በየፍልሚያው አንዱ የግድ ይሞት አልነበረም ወይ? ታዲያ የሞት ጨዋታን መማር ለምን አስፈለገ?» ጥያቄው ከባድ ነው፤ ተገቢውን ጊዜ ልንሰጠው ይገባል። ብዙዎቹ ግላዲያተሮች ባሪያዎችና ምርኮኞች ነበሩ፤ ብዙ ሰውም ሞቷል፤ ይህንን የሚያሳምር ቡድን ካጋጠማችሁ ወደሌላ ብትሄዱ እንመክራለን። ነገር ግን በየፍልሚያው የግድ ይሞት ነበር የሚለው ትክክል አይደለም። ሠልጣኙ ብዙ ገንዘብና ጊዜ የወጣበት ሰው ነበር፤ በሜዳውም ላይ በትር የያዘ ዳኛ ነበር፤ የተሸነፈውም ጣቱን አንሥቶ ምሕረት መለመን ይችል ነበር። ኮሎሲየም የተባለው የሮም ታላቅ የትርኢት ሜዳ እ.ኤ.አ. በ80 ሲመረቅ ፕሪስኩስና ቬሩስ የተባሉ ሁለት ግላዲያተሮች እኩል ለእኩል ተፋልመው እጅ የሰጡት በአንድነት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቲቶም ለሁለቱም የነጻነት ምልክት የሆነውን የእንጨት ሰይፍ ሸለማቸው። ይህን ያቆየልን ገጣሚው ማርቲያሊስ ነው። አውራ ጣት ወደታች ሲደረግ «ግደለው» ማለት ነው የሚለውም ሐሳብ በሰፊው የተሠራጨው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዤሮም እ.ኤ.አ. በ1872 ከሣለው ሥዕል በኋላ ነው፤ የጥንቱ ጽሑፍ የሚለው «የተዞረ አውራ ጣት» ብቻ ነው፤ ወዴት እንደዞረ አይናገርም።

እንግዲህ ለመመዝገብ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ የልብሱ ውበት አይሁን። ጀማሪ ከማን ጋር እንደሚለማመድ፣ ሰይፎቹን ከትርኢት በፊት ማን እንደሚመረምር፣ ጉዳት ሲደርስ ኢንሹራንስ እንዳለ ጠይቁ። አንድ ልምምድም ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አንዱ «ቁም» ሲል ሁሉም ወዲያው የሚቆምበት ቡድን ጥሩ ቡድን ነው።

ሴቶች መግባት ይችሉ እንደሆነ ለጠየቃችሁን እህቶቻችን መልሳችን አዎን ነው። ዛሬ ቦድሩም በምትባለው በሃሊካርናሶስ የተገኘና አሁን በብሪታንያ ሙዚየም የሚገኝ አንድ የድንጋይ ቅርጽ አለ። በላዩ ላይ አማዞንና አኪሊያ የተባሉ ሁለት ሴት ግላዲያተሮች ሰይፍና ጋሻቸውን ይዘው፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከበላያቸው የተቀረጸው የግሪክ ቃልም ሁለቱም መለቀቃቸውን ይናገራል።