የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ስለ አናባቢ ስምምነት

ከደብረ ብርሃን፦ የአናባቢ ስምምነት ምን ማለት ነው?
በአንድ ቃል ውስጥ ያሉ አናባቢዎች በምላስ አቀማመጥ ወይም በከንፈር ቅርፅ እንዲመሳሰሉ የሚያስገድድ ሕግ ነው። በቱርክኛ «ኤቭ» (ቤት) ሲበዛ «ኤቭሌር»፣ «አት» (ፈረስ) ሲበዛ «አትላር» ይሆናል። ቅጥያው የቃሉን አናባቢ ተከትሎ ተለወጠ።

ከመሐል ሜዳ፦ ቱርክኛ ስንት አናባቢ አለው?
8።

ከአንኮበር፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ «ሰበረ»፣ «ነገረ»፣ «ፈለገ» ፊደላቸው ሁሉ ግዕዝ ነው። አማርኛም ስምምነት አለው ብዬ ላጠና ነው።
ቆይ ልጄ፣ በዚህ ብዙ ተማሪ ዓመቱን አቃጥሏል። የ«ሰበረ» ሥር ስ-ብ-ር ነው፤ ኧ-ኧ የመጣው ከግሡ ቅርፅ ነው። ለዚህም «ሰባሪ»፣ «ስብራት» ስትል አናባቢው ይገለባበጣል። የመጨረሻው ኧ ደግሞ «እሱ»ን የሚያመለክት ቅጥያ ነው። «ሰበሩ» በል፤ ኡ መጣ፣ የፊተኞቹን ግን ንክች አላደረጋቸውም። ስምምነት የሚፈተነው በቅጥያ ነው፦ ቅጥያውን ሳትነካ ቃሉን ቀያይር። ቤቶች፣ በጎች፣ ላሞች፣ ጅቦች፤ «-ኦች» ፍንክች አላለችም። «ውሻ» «ውሾች» ቢሆን ሁለት አናባቢ ስለተጋጠመ ነው። «ክፈት» «ክፈቺ» ሲሆንም ኢ የለወጠችው ተነባቢውን ነው፣ አናባቢውን አይደለም። የሚስማማልህን ቃል ብቻ አትልቀም፤ የማይስማማውንም ቁጠር። ደግሞም ፊደል አትመን! ሳድሱ አንዴ አናባቢ አለው፣ አንዴ የለውም፤ መጥበቅንም ፊደላችን አያሳይም።

ከምንጃር፦ ከአገራችን ቋንቋዎች የትኛውን ልመልከት?
ሶማሊኛን። አናባቢዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ የአንዱ ወገን ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። በላቲን ሲጻፍ ግን 5 የአናባቢ ፊደል ብቻ ስለሚጠቀም ልዩነቱ አይታይም። ፊደል አትመኑ የምለው ለዚህ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ የተናጋሪዎችን ድምፅ በቴሌግራም አስልኬ ብለካው?
አይሆንም፣ ሲላክ ይጨመቃል። በዌቭ (ድምፅን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት)፣ በ44,100 ሄርዝ፣ በ16 ቢት ቅዳ። ቃሉን ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር («አሁን … በል») ውስጥ አስገብተህ 3 ጊዜ አስብል። በፕራት (ድምፅ በሚለካው የኮምፒውተር ፕሮግራም) ስትለካ አናባቢው መሃል ላይ ቁም። የፎርማንት (አናባቢን ከአናባቢ የሚለየው ጎላ ያለ የድምፅ ድግግሞሽ) ፍለጋ ጣሪያውን ለአዋቂ ወንድ 5,000፣ ለሴት 5,500 ሄርዝ አድርግ። ጣሪያው ከልክ በላይ ከፍ ካለ የኡ እና የኦ ሁለት ፎርማንቶች እንደ አንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ሠንጠረዥህ ሁሉ ይበላሻል።

ከደብረ ሲና፣ እናት፦ የ5 ዓመት ልጄ አናባቢ ይለዋውጣል፤ ይህ ስምምነት ነው?
እናቴ፣ ይህን በሬዲዮ አልመልስም። መጀመሪያ የጆሮ ሐኪም መስማቱን ይመርምርልዎ፤ ከዚያ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ይየው። «ሲያድግ ይተዋል» ብለው አይቆዩ።