ጀበናውን ጠብቀን ቆሎውን ረሳን
(በአንድ መዋዕለ ሕጻናት የወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደራችሁ።

የቅዳሜ እንቅልፋችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ ከኋላ የተቀመጣችሁ እማማዎች፣ ወንበሩ ለአራት ዓመት ልጅ የተሠራ ነው። ጉልበታችሁን ይቅርታ ጠይቁልኝ።

የዛሬው ጉዳያችን ልጅ ምግብ ሲያንቀው ምን እናድርግ የሚል ነው። እኔ በሕጻናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ግን ከምነግራችሁ ውስጥ ዋናውን የተማርኩት ኮሌጅ ሳይሆን እናቴ ሳሎን ውስጥ ነው።

ትንሹ ልጄ ያኔ አንድ ዓመት ከአሥር ወሩ ነበር። እሑድ ከሰዓት ነው። እናቴ ቡና አቅርባለች። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። የሁላችንም ዓይን ጀበናው ላይ ነው። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ከሰሉ በተራመደ ቁጥር አራት ሰው «ኧረ እሳት!» ብሎ ይጮኻል። አባቴ ሳይቀር ከዘራውን እንደ አጥር ዘርግቶ ተቀምጧል። ከረከቦቱ አጠገብ ደግሞ በትንሽ ሰሃን ቆሎ ከለውዝ ጋር አለ። እሱን ማንም አልጠበቀውም። እንዲያውም «እንካ የኔ ጌታ» እያልን በእጁ ያስጨበጥነው እኛው ነን።

አጎቱ አሳቀው። ልጁ አፉ ሙሉ እንደሆነ ሳቀና ትን አለው። ሳለ፣ ሳለ፣ ፊቱ ቀላ። እናቴ አናቱን መታ መታ አድርጋ እፍ አለችበት። «ማን አነሳህ የኔ ልጅ?» አለች። ሳሉ ቆመ። ወደ ጨዋታው ተመለሰ። እኛም አቦሉን ጨርሰን ቶናውን፣ ከቶናው በረካውን ጠጣን።

ከሦስት ቀን በኋላ ማታ ማታ ይስል ጀመር። ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ጉንፋን ነው አልኩ። እኔ፣ ነርሷ! ክሊኒክ ወሰድኩት፣ የሳንባ ምች ተባለ፣ ሽሮፕ ተሰጠው። ሻል አለው። መልሶ አመመው። ሌላ ሽሮፕ። ራጅ ተነሣ፣ የሚታይ ነገር የለም። ለውዝ በራጅ እንደማይታይ የማላውቅ ሰው አልነበርኩም፤ ለውዝ ግን ትዝ አላለኝም። በአራተኛው ሳምንት አንዲት ሐኪም ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ። «ሳሉ ከመጀመሩ በፊት ምግብ ትን ብሎት ነበር?»

ደርቄ ቀረሁ።

በማደንዘዣ አስተኝተው፣ ብሮንኮስኮፒ በሚባለው በአፍ በኩል በሚገባ ቀጭን መሣሪያ አወጡለት። በነጭ ፋሻ ላይ አድርገው አሳዩኝ። ግማሽ ለውዝ ነው። የትንሿ ጣቴን ጥፍር ቢያክል ነው። አብጧል፣ ጠርዙ ለስልሷል። የተገኘው ወደ ቀኝ ሳንባው መግቢያ ላይ ነው፤ የቀኙ ቧንቧ ከግራው ሰፋና ቀጥ ስለሚል ብዙ ጊዜ የወደቀ ነገር ወደዚያ ይወርዳል። የለውዝ ዘይት የቧንቧውን ግድግዳ ያስቆጣል። ደረቅ ሽምብራና ባቄላ ደግሞ እርጥበት እየጠጡ እዚያው ያብጣሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያ አደራዬ ይኸው ነው። ልጃችሁን ትን ብሎት ሳሉ ቢቆምም፣ ከዚያ በኋላ በቀናትም በሳምንታትም ሳል ወይም ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ከመጣ፣ ለሐኪሙ «ትን ብሎት ነበር» በሉት። ሳትጠየቁ ንገሩት።

ለምን ትንንሾቹን ብቻ እንዲህ ያስቸግራል? አንዱ ምክንያት ጥርስ ነው። ልጅ መጀመሪያ የሚያበቅለው መቁረጫውን፣ የፊት ጥርሱን ነው። መንጋጋው ዘግይቶ ይመጣል፤ የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች እስከ ሁለት ዓመት ተኩልና ሦስት ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። የሁለት ዓመት ልጅ ለውዝ ከሰጣችሁት ለሁለት ይሰብረዋል፣ ግን አይፈጨውም። ሌላው የአየር ቧንቧው ነው። ስፋቱ ከለስላሳ መጠጫ ስትሮ ብዙም አይበልጥም። የሳሉ ጉልበትም ገና ደካማ ነው። የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ ለውዝ፣ ፈንዲሻና ጠንካራ ከረሜላ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ልጁ ምን ይብላ?» ስትሉ ይሰማኛል። እማማ፣ መልሱ እርስዎ ጓዳ ውስጥ አለ። ሽምብራውን በሽሮ ይብላ። ገብሱን በበሶ ይብላ፤ በሶው ግን ተበጥብጦ ወይም በደንብ ታሽቶ፣ ዱቄቱ ደረቁን እኛንም ትን ያሰኘናል። ለውዙን በለውዝ ቅቤ፣ በዳቦ ላይ በስሱ ተቀብቶ። ፈጭቶ ማብላትን ማንም ፈረንጅ አላስተማረንም። ቆሎውን እንዳለ ለሕጻን ማስጨበጡን ከየት እንዳመጣነው ግን አላውቅም።

የቀረውን በፍጥነት ልበል። ወይን ክብ እንደሆነ አይሰጥ፤ ቁመቱን ተከትላችሁ ለአራት ሰንጥቁት። ካሮት ይቀቀል። ሥጋ ይፈጭ ወይም በክሩ ተቃራኒ በጣም ደቆ ይከተፍ። ሳሳጅ በክብ በክቡ ከተቆረጠ ልክ እንደ ቡሽ ነው የሚወተፈው፤ በቁመቱ ተሰንጥቆ ይከታተፍ። የዶሮ ወጡ እንቁላል ይፈርፈርና በወጡ ይራስ። ለጾም ንፍሮ ስትቀቅሉ፣ ለጸሎተ ሐሙስም ጉልባን ስትሠሩ የትንሹን ድርሻ ልጣችሁ አድቅቁለት። በረመዳን ቴምር ለምትሰጡም፣ ፍሬው ወጥቶ፣ ሥጋው ተቆራርጦ ይሁን። ማስቲካን አላነሳም። ማስቲካ ለሁለት ዓመት ልጅ የሚገዛ አጎት ካለ እኔ ጋ ላኩልኝ።

ከምግብ ውጭም አለ። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ፣ የሪሞት ክብ ባትሪ። መለኪያ ከፈለጋችሁ የሶፍት ካርቶኑን ጥቅል አትጣሉት። በዚያ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ አደጋ ነው።

አበላላችን ላይም አንድ ነገር አለኝ፣ እዚህ ላይ ትቆጡኝ ይሆናል። ጉርሻ እወዳለሁ። ግን ለሚያለቅስ ልጅ፣ ለሚስቅ ልጅ፣ ለሚሮጥ ልጅ ጉርሻ አይሰጥም። «አንዴ ብቻ» እያላችሁ ሳሎኑን እየዞራችሁ ማጉረስ ይቅር። ቁጭ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ፊታችሁ ይብላ። አጥሚት አጋድሞ፣ በግድ፣ በእፍኝ ማንቆርቆርም ይቅር። ለአራስ ቅቤ ማዋጥማ ጭራሽ። ቅቤው ወደ ሆድ ብቻ አይሄድም፣ ወደ ሳንባም ይገባል። እሱ የሚያመጣውን የሳንባ ምች በሥራዬ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው።

ልጁ ትን አለው። መጀመሪያ ስሙት። እየሳለ ነው? እያለቀሰ ነው? ድምፅ አለው? እንግዲያው አየር አለ ማለት ነው። አትምቱት፣ ውኃ አትስጡት፣ ደረቅ እንጀራ ዋጥ አድርግ አትበሉት። አጠገቡ ሁኑና «ሳል የኔ ልጅ፣ ሳል» በሉት። የራሱ ሳል ከእናንተ እጅ ይበልጣል።

የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው። አፉን ከፍቶ ድምፅ ከሌለው፣ ሳሉ ከደከመ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ያኔ ጊዜ የለም። አንጎል አየር ካጣ ከአራት ደቂቃ ገደማ ጀምሮ ይጎዳል። ብዙ ሰው የታነቀ ልጅ የሚጮኽ ይመስለዋል። አይጮኽም። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፋችሁ ሳሎኑ ድንገት ፀጥ ካለ፣ ቢላዋውን አስቀምጡና ሂዱ።

ዓመት ያልሞላው ከሆነ ቁጭ በሉ። በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፣ ክንዳችሁ ጭናችሁ ላይ ይረፍ። አገጩን በእጃችሁ ደግፉ፣ ጉሮሮውን ግን አትጫኑ። ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ ይበል። በሌላው እጃችሁ መዳፍ ግርጌ፣ በወፍራሙ ክፍል፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ ምቱት። ማባበያ ምት አይደለም፣ ጠንከር ያለ ነው። አልወጣም? በጀርባው ገልብጡት። ከሁለቱ ጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ደረቱ መሃል አጥንቱ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። ቀድሞ በሁለት ጣት ነበር የሚሰጠው ሥልጠና፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የልብ ማኅበር መመሪያ በአንድ እጅ መዳፍ ግርጌ ይሁን ይላል። ሆዱን አትግፉ። በዚህ ዕድሜ ጉበቱን ትጎዳላችሁ። 5 ጀርባ፣ 5 ደረት፣ እስኪወጣ ወይም ልጁ እስኪዝል።

ዓመት ከሞላው ከኋላው ተንበርከኩ። እጃችሁን ደረቱ ላይ አድርጋችሁ ወደ ፊት አጎንብሱት። 5 ጊዜ ጀርባውን። ካልወጣ እቀፉት፤ አንዱን እጃችሁን ጨብጡና ከእንብርቱ ከፍ፣ ከደረቱ አጥንት ዝቅ አድርጉ። በሌላው እጅ ጭብጡን ያዙና ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳብ አድርጉ። ከዚያ ጀርባ። ከዚያ ሆድ። ነገሩ ወጥቶ ልጁ ደህና ቢመስልም ሆዱ የተገፋ ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ትንሽ ወሬ ልጨምር። ይህን ሆድ የመግፋት ዘዴ በ1974 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሄንሪ ሃይምሊክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ሰውየው ጀርባ መምታትን አጥብቆ ይቃወም ነበር፣ አገሩም ለብዙ ዓመት ሆድ መግፋትን ብቻ አስተማረ። የ2025ቱ መመሪያ ደግሞ ለልጅም ለአዋቂም መጀመሪያ ጀርባ ይመታ ብሏል። እናቶቻችን ጀርባ ሲመቱ ልክ ነበሩ ማለት ነው። ብቻ ልጁን ቀጥ አድርገው ነው የሚመቱት፤ ቀጥ ብሎ የተመታ ነገር ወደ ታች ነው የሚወርደው። አናት መምታቱና እፍ ማለቱ ግን፣ እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምንም አይሠራም።

ሁለት አታድርጉ። እግሩን ይዛችሁ አትዘቅዝቁት። አፉ ውስጥም ጣት ከታችሁ በጭፍን አታስሱ፤ የሚታያችሁን ብቻ አውጡ። የማይታየውን በጣታችሁ ስትነካኩ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።

ልጁ ከዛለና መንቃት ካቆመ፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ ነገር ላይ፣ ማለትም መሬት ላይ አስተኙት። ሌላ ሰው ስልክ ይደውል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጉት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። ወዲያው ደረቱን መግፋት ጀምሩ፣ 30 ጊዜ። አፉን እዩ፣ የሚታይ ካለ አውጡ፣ 2 ትንፋሽ ስጡ። እንደገና 30። ይህን በቃል ማስተማር አልችልም፣ እጃችሁ ሊለምደው ይገባል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእኛ መንገድና በእኛ ትራፊክ አምቡላንሱ በአራት ደቂቃ አይደርስም። ልጁን ተሸክሞ ወደ ታክሲ መሮጥ ደግሞ እጅን ከሥራ ማስፈታት ነው። የምታደርጉት እዚያው፣ ያላችሁበት ነው።

አንድ ጥያቄ ጠይቄ ወንበሬን ልያዝ። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ልጃችሁ ከማን ጋር ነው? እጅ አውጡ… እንዳሰብኩት ነው። ከሞግዚት፣ ከአያት፣ ከታላቅ እህት። ዛሬ እዚህ የመጣነው ደግሞ በአብዛኛው እኛ ነን፣ ቢሮ የምንውለው። ቤታችሁ ያለችው ልጅ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከገጠር ከመጣች ስድስት ወሯ ነው፣ ሥራዋን እንዳታጣ ስለምትፈራ ልጁ ትን ቢለው እንኳ ላትነግራችሁ ትችላለች። እንዳትፈራ አድርጓት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛችኋት ኑ፤ ትራንስፖርቷን ትምህርት ቤቱ ይችላል፣ ርዕሰ መምህሯ ቃል ገብተውልኛል። እዚህ አሉ፣ እየሳቁ ነው፣ ግን ሰምታችኋል።

አሁን ወደ ጎን ክፍል እንለፍ። ስድስት አሻንጉሊቶች አሉን። አባቶች፣ ኮታችሁን አውልቁ፣ መንበርከክ አለ። ቡናውም ደርሷል፣ ሽታው እዚህ መጥቷል። ቆሎም አለ፣ ለውዝም ገብቶበታል። የምትፈልጉ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው ያስቀመጥኩት።