ማዳበሪያው የት ገባ? ስለ አፈር ጤና ለአድማጮች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በስልክ ከደረሱን ጥያቄዎች የአምስቱ መልስ እነሆ። ጠያቂዎቻችን ከሜጫ፣ ከባሕር ዳር፣ ከፎገራና ከደራ ናቸው። የአብዛኞቹ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ማሳው ላይ የምናፈሰው ማዳበሪያ የት ይገባል?

ከሜጫ፣ መርዓዊ አካባቢ፦ መሬቴ ቀይ አፈር ነው። ኤንፒኤሱንም (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበትን ማዳበሪያ) ዩሪያውንም ሳላጓድል እጨምራለሁ፤ ምርቱ ግን ከዓመት ዓመት እየወረደ ነው። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል፣ የበቆሎው ቅጠል ጠርዙ ሐምራዊ ይሆናል። ማዳበሪያው ነው የተበላሸው?

ወንድማችን፣ ከማዳበሪያው በፊት መሬቱን ይጠርጥሩ። ዝናብ በሚበዛባቸው የጎጃምና የአዊ ቀይ አፈሮች ላይ ውሃው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ለዘመናት እያጠበ አውርዶታል። አዝመራው ከነገለባው ሲነሣና ዩሪያ በየዓመቱ ሲጨመር ደግሞ አፈሩ ይበልጥ ይኮመጥጣል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ታስሮ የቆየው አልሙኒየም ይሟሟና ሥሩን ይመርዘዋል። አንድ የገብስ እግር ከነአፈሩ በአካፋ አንሥተው በውሃ ያለቅልቁት። ሥሩ አጭር፣ ወፍራምና ቡናማ ከሆነ፣ ጫፉም የተቆረጠ ከመሰለ ምልክቱ ይኸው ነው። ፎስፈረሱም ከብረቱና ከአልሙኒየሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ የበቆሎው ሐምራዊነት የዚያ ርሃብ ነው። ከኤንፒኤስ 38 በመቶው ፎስፌት፣ ማለትም ፎስፈረስ ያለበት ውህድ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎ ማሳው ውስጥ አለ፣ ሰብሉ ግን አያገኘውም።

ቢጫነት ግን ከናይትሮጅን እጥረትም፣ ውሃ ከመተኛቱም ሊመጣ ስለሚችል በዓይን ብቻ አይወስኑ። አዝመራው ከተነሣ በኋላ ማሳውን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ከ10 እስከ 15 ቦታ ይቆፍሩ። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ግድግዳ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እኩል አፈር ይላጡ። የከብት ማደሪያ የነበረ ቦታ፣ የአጥር ሥርና የጉንዳን ኩይሳ አይነካም። ሁሉንም በንጹሕ ባልዲ ደባልቀው በጥላ ያድርቁና አንድ ኪሎ ያህሉን በልማት ሠራተኛው በኩል ባሕር ዳር ወዳለው የአፈር ላቦራቶሪ ይላኩ። ማዳበሪያ የተያዘበት ባልዲ ውጤቱን ያበላሸዋል፤ ይህ ስህተት በጣም ይደጋገማል።

መድኃኒቱ የእርሻ ኖራ ነው፤ ግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለው ኖራ አይደለም። እሱ እጅና ዓይን ያቃጥላል፣ መጠኑን መቆጣጠርም ያስቸግራል። ላቦራቶሪው ለምሳሌ በሄክታር 20 ኩንታል ቢል ለሩብ ሄክታር 5 ኩንታል ይደርሳል። ማሳውን በገመድ አራት ቦታ ከፍለው ለእያንዳንዱ 125 ኪሎ ያድርጉ፤ አለዚያ መጀመሪያ ላይ በዝቶ መጨረሻው ጋ ያልቃል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መበተን ነው። በዚያው ቀን አርሰው ይገልብጡት፣ ቀጥሎ በአግድም ይድገሙት፤ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ላይ ላዩን የቀረ ኖራ ሥሩ ጋ አይደርስም። ጊዜው ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ መሬቱ ትንሽ ሲረጥብ ነው፤ በደረቅ አፈር ውስጥ ኖራ አይሠራም። ከዩሪያም ሆነ ከኤንፒኤስ ጋር ቀላቅለው አይበትኑ፦ ዩሪያው ጋዝ ሆኖ ይተናል፣ ፎስፈረሱ ከኖራው ጋር ይታሰራል።

ለሁሉም ማሳ መግዛት ካልተቻለ በሁሉም ላይ ከማሳሳት ዘንድሮ አንዱን ጥማድ በሙሉ መጠን መጨረስ ይሻላል። ለቀረው ግብጦ አለልዎ። ለአረቄ ማጣጫ ብቻ አድርገን የምንንቀው ግብጦ አሲድ ይችላል፣ ናይትሮጅንም ለአፈሩ ያስቀራል።

ከባሕር ዳር፣ እናት፦ ጓሮዬ ለጎመንና ለሰላጣ ኮምፖስት ጀመርኩ። አንድ ወር ሳይሞላው ሸተተ፣ ትልም አፈራ። ከሐይቁ የሚወጣውን እንቦጭስ ልጨምርበት?

የሸተተው አየር ስላጣ ነው፤ ክረምት ላይ ጉድጓድ ውስጥ የተጀመረ እንደሆነ ደግሞ ውሃ ሞልቶበታል። በዝናብ ወራት ከመሬት በላይ ይከመራል፣ ጉድጓዱ ለበጋ ነው። አሁን ያለውን ገልብጠው ያውጡትና የተከተፈ ደረቅ ገለባ ወይም የበቆሎ አገዳ እየደባለቁ እንደገና ይከምሩት።

አዲስ ሲጀምሩ ጥላ ይፈልጉ፤ ስፋቱ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የማያንስ ይሁን። ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይይዝም። ከታች አንድ ስንዝር አገዳ፣ ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ነገር፣ 10 እርጥብ ቅጠልና የወጥ ቤት ልጣጭ፣ 5 እበት፣ እፍኝ ሁለት እፍኝ አፈር፤ እስኪሞላ ይደጋገማል። አመድ ስስ ብሎ ይነስነስ፣ ከበዛ ናይትሮጅኑን ያተነዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ሥጋና ፌስታል አይግባበት። ከመካከሉ ረጅም እንጨት ይትከሉና በሳምንቱ መዝዘው ይዳስሱት። ትኩስና እርጥብ ከሆነ እየሠራ ነው። ደርቆ ነጭ ሻጋታ ከያዘ ውሃ፣ ቀዝቅዞ ከሸተተ ደረቅ ነገርና መገልበጥ ይፈልጋል። እርጥበቱን በመዳፍ ጨምቀው ይለኩ፦ በጣት መሐል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ይውጣ። በየሦስት ሳምንቱ እየተገለበጠ በሦስት በአራት ወር ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ከዝናብ በኋላ እንደሚሸት አፈር ይሸታል። ለመደብ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይበቃል።

እንቦጩ ይቻላል፣ ግን ሳያብብ የተነቀለ መሆን አለበት፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አይሞትም። አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ ሳምንት ያህል ከሐይቁ ርቆ ይጠውልግ፣ ይከተፍ፣ ከክምሩ ሲሶ አይለፍ። የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት ቦታ የተነቀለውን ግን ለሰላጣ አይጠቀሙበት፤ ተክሉ ከውሃው ከባድ ብረቶችን እየሳበ ያጠራቅማል።

ከፎገራ፦ ሩዝ ካነሣን በኋላ በዋልካው ላይ ጓያ እንዘራለን፤ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ቡቃያውም ይቃጠላል። ምን ይሻላል?

ፍጥነት ነው። ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ እርጥበቱን የሚያጣው በስንጥቁ ስለሆነ ሩዙ በተነሣ በቀናት ውስጥ ሳይሰነጠቅ ይዘራ። ግን እንደ ሊጥ እያለ አይረስ፤ በመዳፍ አሽተው ቀጭን ክር ከወጣው ገና ነው። ከቻሉ ጓያውን በሽምብራ ወይም በምስር ይቀይሩት፤ ጓያ በየዕለቱ ከተበላ እግር ያሽመደምዳል። ገለባውን አያቃጥሉ፣ ስንጥቁን የሚያዘገየው እሱ ነው። ውሃ በሚተኛበት ማሳ ላይ ደግሞ ክረምቱን ባለ 80 ሳንቲ ሜትር መደብና ባለ 40 ቦይ ማውጣት ሥሩን ከመታፈን ያድነዋል።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ ጣና በክረምት የሚደፈርሰው በገበሬው ምክንያት ነው ይባላል። የአየር ንብረትንስ ከአፈር ምን አገናኘው?

በከፊል እውነት ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደጋውን አጥበው ደለሉን ሐይቁ ውስጥ ያራግፋሉ። ሐይቁ ራሱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጠልቅ ነፋስም ደለሉን ከሥሩ ያነሣዋል። ከአንድ ሄክታር ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት አፈር ሲታጠብ 12 ቶን ያህል ነው፤ ዓይን ግን አያስተውለውም። ፎስፈረስ የሚጓዘው በአብዛኛው ከዚያ ደቃቅ አፈር ጋር ተጣብቆ ነው። ከሜጫ የጠየቁን ወንድማችን ሰብል ያላገኘው ማዳበሪያ ከአፈሩ ጋር ወርዶ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና የታየውን እንቦጭ ሊቀልብ ይችላል ማለት ነው።

እርከን ይሠራል፣ ግን አሠራሩ ቦታ ይመርጣል። ለደረቅ አገር የሚሠራው ፍጹም አግድም እርከን ዝናብ በሚበዛበት ጎጃም ውሃ ይሞላበትና ይጣሳል፤ አንድ ቦታ ሲጣስ ታች ያሉትን ሁሉ ይዞ ሄዶ ቦረቦር ይከፍታል። በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ያህል ዘቅዝቆ ሣር ወደያዘ የውሃ መውረጃ ማስተንፈስ አለበት። ጀርባው ላይ ቬቲቨር ወይም የዝሆን ሣር ሲተከል ይጸናል፣ ለከብትም ይታጨዳል።

ለአየር ንብረቱ ስሌት እንሥራ። የአንድ ሄክታር መሬት የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር 2,400 ቶን ያህል ይመዝናል። በውስጡ ያለው ብስባሽ ከ3 በመቶ ወደ 2 ሲወርድ 24 ቶን ብስባሽ ጠፋ፤ ከግማሽ በላይ፣ 14 ቶን ገደማው፣ ካርቦን ነው። ጎርፍ ካልወሰደው አየር ላይ ወጥቶ 50 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ደጋግሞ ማረስ፣ ገለባውን ሙልጭ አድርጎ ማንሣትና እበቱን ኩበት አድርጎ ማንደድ ነው ይህን የሚያመጣው። ማየት ከፈለግህ ከማሳና ከቤተ ክርስቲያን ደን ሥር አንዳንድ ደረቅ ጓል አምጥተህ ውሃ በሞሉ ሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ ቀስ ብለህ ጣል። የማሳው ወዲያው ይፈርሳል፣ የደኑ ብዙ ጊዜ እንደያዘ ይቆያል።

ከደራ፣ ከሐይቁ ዳር፦ ውሃው ሲሸሽ የባሕር ሸሽ መሬት እናርሳለን። ማዳበሪያ ላድርግበት?

እዚያ አያድርጉ፤ ሐይቁ ራሱ ደለል አልብሶልዎታል። ሳይበላ የቀረው ማዳበሪያ በክረምት ውሃው ሲመለስ በቀጥታ ጣና ውስጥ ይገባል፤ ፀረ አረምም እንደዚያው ነው። ደንገሉን እስከ ውሃው ጠርዝ አይመንጥሩት፤ ደለል የሚያጣራው እሱ ነው። በማሳዎና በውሃው መካከል 30 ሜትር ያህል ደንገልና ሣር ይቆይ። ዩሪያውን ከፍ ላለው ማሳ ያስቀምጡት፤ በቆሎ ከሆነ ግማሹን ሲዘሩ፣ ግማሹን ከ35 እስከ 40 ቀን ላይ ከአረም በኋላ፣ መሬቱ ረጥቦ ሳለ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቀው ጨምረው አፈር ያልብሱት።